የሐጃ በቱል እንግዳ

ራህማ ኩርሙክን ተሻግራ አሶሳ መግባቷን የሰማሁት ከሰው ሁሉ በኋላ ነው። ያውም ከማን? ከባጃጅ ሹፌር! ከገበያ ሽንኩርቴንና ቲማቲሜን ይዤ ስመለስ፣ «እህትሽ ከሱዳን በሰላም ገባች አሉ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ኧረ መንገድ ላይ እልል አልኩ። ወሬዋ ከጠፋ ስንት ወር ሆኖት ነበር። ትንፋሼ ሲመለስልኝ ግን ከአፌ የወጣው ጥያቄ «የት አረፈች?» የሚል ነበር። «አልሃዲ ቤት» አለኝ። አልሃዲ ታናሽ ወንድማችን ነው። ከመናኸሪያ ሲመጡ ደግሞ የእኔ በር ነው የሚቀድመው፤ የአልሃዲ ቤት ከእኔ ወዲያ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ነው። በሬን አልፋ ሄዳለች ማለት ነው።

ቤት ገብቼ ዘንቢሉን ወረወርኩት። ልጆቼ «እማ፣ ምን ሆነሻል? ነገ ሄደሽ ታያታለሽ አይደል እንዴ!» ይሉኛል። ልጆች ምን ያውቃሉ! እኔ ቀናተኛ ነኝ። ሀምሳ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም፣ አስተማሪ ነኝ፣ የሰው ልጅ እመክራለሁ፤ ግን ቀናተኛ ነኝ፣ አልደብቀውም። ተማሪዎቼ የጎን ክፍሏን መምህርት ከእኔ አብልጠው ሰላም ሲሉ እንኳን ይከነክነኛል። ከሁሉ በላይ ግን ዕድሜ ልኬን የቀናሁት በራህማ ነው። እዚህ ላይ አንዲት ሱዳናዊት አሮጊት ባታስተምረኝ ኖሮ ይህ ቅናት ምን ያደርገኝ እንደነበር እንጃ። ያን ዕለት አመሻሹን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያቺ አሮጊት ትዝ አለችኝ።

ራህማና እኔ የአንድ አባት ልጆች ነን፤ እናቶቻችን ጣውንት ናቸው። በአንድ ቀርቀሃ አጥር ውስጥ፣ በሁለት ቤት፣ በወራት ልዩነት ተወለድን። ያደግነው አብረን ነው። እሷ ስትስቅ ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ ያያታል። ቁርአን ስትቀራ ድምጿ መንገደኛ ያቆማል። እኔ ደግሞ ውሃ ቀጂ፣ እንጨት ለቃሚ፣ ነገር የማይከብደኝ ልጅ ነበርኩ። አባታችን ማንጎ ይዞ ሲመጣ ትልቁን ለራህማ ይሰጥና ወደ እኔ ዞሮ «ሰልማ ትችላለች» ይላል። ሰልማ እኔ ነኝ። ልብስ ተገዝቶ ለሁለታችን ባይበቃ ሰልማ ትችላለች። ፍራሽ ቢጎድል ሰልማ ትችላለች። ምስጋና መሆኑ ነው እኮ! ይህችን ቃል እስከ ዛሬ ድረስ አልወዳትም።

የአባቴ እህት ሀሊማ ሱዳን አግብታ ወድ መደኒ ትኖር ነበር። ልጅ አልወለደችም። ደርግ ወድቆ መንገዱ ትንሽ ሰላም ሲሆን ለአባቴ መልእክት ላከች። «ከሁለቱ ትልልቅ ልጆችህ አንዷን ስጠኝ። ትምህርት ቤት አስገባታለሁ፣ ልጄ ትሆናለች» አለች። አባቴም «ሁለቱንም ይዤልሽ እመጣለሁ፣ አንቺ ምረጪ» ብሎ መለሰላት። እስቲ አሁን ሰው ልጆቹን እንደ በግ አቅርቦ ምረጪ ይላል? እናቴ ተናደደች። እኔ ግን ደስ አለኝ። አክስቴ አታውቀንም፤ ራህማን የወደደው ሰው ሁሉ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቃት ነው፤ ይህችኛዋ ባዶ ዓይን ይዛ ታየናለች አልኩ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እኔ ልመረጥ። ፍላጎቴ ይኸው ነበር፤ ትምህርቱ እንኳን ሁለተኛ ነው።

የሄድነው በረመዳን ነው። በጋ ነበር። ሣሩ ተቃጥሎ ምድሩ ጠቁሯል፣ ቀርቀሃው ቢጫ ሆኗል፣ መንገዱ አቧራ ብቻ ነው። እስከ ኩርሙክ በጭነት መኪና ከማሽላ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ሄድን። ከዚያ ተሻግረን በሌላ መኪና ዳማዚን ደረስን። መንገደኛ መፆም ግዴታ እንደሌለበት ሁላችንም እናውቃለን፤ አባቴም «ከደከማችሁ ፍቱ፣ በኋላ ትከፍሉታላችሁ» ብሎናል። ራህማ ግን ከንፈሯ ደርቆ እንኳን ፈገግ እያለች «አልደከመኝም» ትላለች። እሷ ካልፈታች እኔ እንዴት እፈታለሁ? ሞቼ ነው! ራሴን እያዞረኝ ፆምኩ። ያ ፆም ለአላህ ይሁን ለራህማ እኔም አላውቅም፤ እሱ ያውቃል።

ከዳማዚን በጠዋት አሮጌ አውቶቡስ ተሳፈርን። ጎማው እየተነፈሰ፣ ሹፌሩ እየወረደ እየተሳደበ፣ ቀኑን ሙሉ ተጓዝን። እኛ አገር ዓይን አንድ ቦታ አያርፍም፤ ተራራ ነው፣ ጫካ ነው። እዚያ ግን ሜዳው አያልቅም። ሰናርን ካለፍን በኋላ ከግራም ከቀኝም ጥጥ ብቻ ሆነ። ቦዩ ውሃ ይዞ በመሃሉ ይሄዳል፣ ሴቶች ቶብ የሚሉትን ደማቅ ረጅም መጠቅለያቸውን ለብሰው ጥጡን ይለቅማሉ። ጠማኝ። ቦዩን ሳይ ይብስ ጠማኝ። ራህማ ከጎኔ ከአንዲት ሱዳናዊት ተሳፋሪ ጋር እየሳቀች ታወራለች፤ ሴትዮዋ ገና ተዋውቃት ከእጇ ላይ አምባር አውልቃ ሰጥታታለች። ይታያችሁ! እኔ በመስኮቱ በኩል ነበርኩ፤ እኔንም ማየት ትችል ነበር እኮ።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል አውቶቡሱ በድንገት ፍሬን ያዘ። አንገቴን አውጥቼ ባይ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ወንዶች ጥምጥማቸውን ፈትተው፣ አንዱን ጫፍ ከሌላው ቋጥረው፣ ከአስፋልቱ ዳር እስከ ዳር ወጥረውታል። «ያ አላህ፣ ሽፍታ!» ብዬ ጮህኩ። አባቴ ሳቀብኝ። «ምን ሽፍታ? ማፍጠሪያ ሰዓት ደርሷል፣ ሊያበሉን ነው። እነዚህ ሰዎች በረመዳን መንገደኛ አያሳልፉም» አለኝ። እውነትም በመንገዱ ዳር ከዘንባባ የተሠራ ረጅም ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ትሪው ተደርድሯል። አባቴ ተናግሮ ሳይጨርስ ከወዲያ ማዶ መንደር ደግሞ ጎረምሶች አቧራ እያስነሱ እየሮጡ ደረሱ። «አውቶቡሱ የእኛን ዛፍ አልፎ ነው የቆመው፣ እንግዶቹ የእኛ ናቸው!» እነዚያ «እኛ ነን ያቆምነው!» እነዚህ «ዘንድሮ ስንተኛችሁ ነው!» ሰው ሊያበላ እንዲህ ሲጣላ አይቼ አላውቅም። ሹፌሩ ለምዶታል፤ ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ ቁጭ አለ።

መጨረሻ ላይ አሸናፊዎቹ ያቆሙን ሆኑ። ወንዶቹ በመንገዱ ዳር ቀሩ፣ እኛን ሴቶቹን ዘሃራ የምትባል ረጅም፣ ወፍራም፣ ባለ ትልቅ ግቢ ሴትዮ «ኑ፣ ኑ፣ ኑ» እያለች እንደ ዶሮ ሰብስባ ወደ ቤቷ ነዳችን። ራህማ ከፊት ናት፤ ከሴትዮዋ ሴት ልጆች ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዛለች። እኔ የጫማዬ ማሰሪያ ተፈትቶ ከኋላ ቀረሁ። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ዝቅ ብዬ ሳስር አዛኑ ተሰማ። በቃ አልቻልኩም፤ ከቦርሳዬ ከዳማዚን የያዝኩትን ቴምር አውጥቼ ወደ አፌ ሰደድኩ።

ከየት እንደመጣች አላየኋትም። የደረቀ እጅ ክንዴን ይዞ ቴምሩን ነጠቀኝ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» ትላለች አንዲት አጭር አሮጊት፣ እያለከለከች።

«ላፈጥር ነዋ!» አልኳት። እኛ በርታዎች አረብኛው ብዙም አይቸግረንም።

«በራስሽ ቴምር? እኔ እዚህ ቆሜ?» አለችና የእኔን ቴምር ወዲያ ጥላ የራሷን አፌ ውስጥ ወተፈችው። በኋላ ነው የገባኝ። ፆመኛን ያስፈጠረ ሰው እሱ ራሱ እንደፆመ ያህል ምንዳ ያገኛል፤ መጀመሪያ አፍ የገባው የማን ቴምር ነው የሚለው ለእነሱ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ግን ያኔ ይህች ሴት አብዳለች ብዬ ቴምሩን እያኘክሁ ዓይኗን አያለሁ።

ዘሃራ ተመለሰች። «በቱል፣ ልጅቷን ልቀቂያት። እህቷ እኔ ቤት ናት።»

«አልለቅም!» አለች አሮጊቷ። እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛዋለች። «አንቺ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ወስደሽ አንዷን ለእኔ መተው አቃተሽ? አምናም ወሰድሽብኝ። ትናንትም ወሰድሽብኝ። እኔ እግሬ እስኪደርስ አንቺ ሁሉን ትጨርሻለሽ። ከቀትር ጀምሮ ያገነፋሁትን ማን ይብላልኝ? ግድግዳው?» ድምጿ ተሰበረ። አለቀሰች። እውነተኛ ዕንባ፣ በጉንጯ ላይ፣ በእኔ ምክንያት።

እንግዲህ እዩልኝ! ሰው እኔን ለማብላት አለቀሰ። ሰልማን! ሁልጊዜ በሰው የምቀና እኔ፣ ሁለት ሴቶች ተቀናኑብኝ። ዘሃራ እጇን አወናጭፋ «ውሰጃት፣ ውሰጃት፣ አንቺን ማን ይችላል» ብላ ሄደች። እኔም ልቤ አብጦ አሮጊቷን ተከትዬ ቤቷ ገባሁ።

የሐጃ በቱል ቤት ጭቃ ቤት ነው፣ አንድ ክፍል። ሐጃ ይሏታል፤ መካ መሄዷን ግን እንጃ፣ እዚያ አገር ለትልቅ ሰው ሁሉ ይባላል። ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ ካርቱም ናቸው። መሬቱን ውሃ ረጭታ ጠርጋዋለች። ከደረቀ የማሽላ ሊጥ የሚበጠበጥ፣ ቀይ፣ ጣፋጭም መራራም የሆነ መጠጥ በትልቅ ጣሳ ሰጠችኝ። ጨርሼ ስመልስላት እንደገና ሞላችው። ከዚያ እሷ ከፊት እኔ ከኋላዋ ሆነን መግሪብ ሰገድን።

ሰላት ጨርሳ አልተነሳችም። እጇን ዘርግታ፣ እንደ እኛ አባቶች ዜማ ባለው ዱዓ ሳይሆን፣ ከአጥር ወዲያ ያለ ጎረቤት እንደምታናግር ሆና ጮክ ብላ መናገር ጀመረች።

«ያ ረቢ፣ ይህችን ልጅ ሰጥተኸኛል፤ አልሃምዱሊላህ። ግን ለዘሃራ ቤት ሙሉ ሰጠሃት። አይቼሃለሁ። ቀንቻለሁ፤ ይኸው ነገርኩህ። እሷን አትንፈጋት፣ ልጆቿንም አሳድግላት። ነገ ግን እኔ ቀድሜ መንገዱ ላይ ልድረስ። ይህን ጉልበቴን እባክህ ዘይትም ቢሆን አድርግበት።»

ልሳቅ፣ ልፍራ አላወቅሁም። እኛ ቤት ሲያሳድጉን ቅናት ያለበት ልብ ዱዓው አያርግም ይሉናል። ስለዚህ እኔ ስሰግድ ቅናቴን ከስር ደብቄ፣ ላዩን ንጹሕ አስመስዬ ነበር የምቆመው። ለሌላው ሰው ሁሉ እለምናለሁ፤ የራህማን ነገር ግን አንድ ቀን እንኳን አንስቼ አላውቅም።

«ሐጃ፣ ቀናሁ ተብሎ ለአላህ ይነገራል እንዴ?» አልኳት።

ዘወር ብላ አየችኝ። «ታዲያ ለማን ልንገር? ለዘሃራ ብነግራት ትኮራብኛለች። ለጎረቤት ብነግር ሐሜት ይሆናል። እሱ እንደሆነ ድሮም ያውቀዋል። አንቺ በማን ነው የምትቀኚው?»

«እንደምቀና ማን ነገረሽ?»

«ስትጠይቂ ፊትሽ ነገረኝ።»

ነገርኳት። ስለ ማንጎው፣ ስለ አባቴ፣ ስለ አምባሩ፣ አክስቴ ነገ ከነገ ወዲያ ልትመርጥ መሆኑን። ሳላስበው ሁሉን ዘረገፍኩት። ትመክረኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ትሪውን እየጎተተች «እኔ ምን ላድርግልሽ? እኔም ቀናተኛ ነኝ። ለእሱ ንገሪው። ቅናቴን በር ላይ አራግፌ ሰላት ልግባ ብትዪ ስትወጪ እዚያው ቆሞ ይጠብቅሻል። ይዘሽው ግቢ። አሁን ብዪ» አለችኝ።

ገንፎው ከማሽላ የተገነፋ ነው፤ ወጡ ደረቅ ባሚያ፣ እኛ ከንከሴ የምንላት፣ ከተፈጨ ቋንጣ ጋር። የእናቴን እጅ ጣዕም ነበር ያለው። እንደ አገሬ ልማድ ትንሽ በልቼ «በቃኝ» ብል «ቤቴን ናቅሽው?» ብላ ልታለቅስ ደረሰች። እንደገና ዕንባ ከሚመጣ ብዬ ትሪውን ባዶ አደረግሁት። እሷ ስትበላ አላየኋትም፤ እኔን ብቻ ታያለች። የአውቶቡሱ ጡሩምባ ሲጮህ እጄን ይዛ ሸኘችኝ። መንገዱ ወዲህ ነው፤ እሷ ግን በዘሃራ በር አዙራ ወሰደችኝ። እንድንታይ ነዋ!

ወድ መደኒ በደረስን ማግስት፣ ከሱብሂ ሰላት በኋላ፣ የተባልኩትን አደረግሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ያ አላህ፣ በራህማ እቀናለሁ። እንድጠላት አልፈልግም፣ ግን እቀናለሁ። አክስቴ እኔን ትምረጠኝ» አልኩት። ፊቴ በእፍረት ጋለ። ግን ከወገቤ ላይ ጆንያ የወረደ ያህል ቀለለኝ። በየቀኑ ነገርኩት። አክስታችን መልካም ሴት ነበረች፤ ሁለታችንንም እኩል ነው የያዘችን፤ ሂናም ቀባችን፣ ገበያም ወሰደችን። ተስፋ አደረግሁ። በዒዱ ማግስት ከአባቴ ጋር ግቢው ውስጥ ተቀምጣ ስትነግረው ሰማሁ።

«ራህማ ትቅርልኝ። ሰልማ ጠንካራ ናት፤ እናቷን ትርዳ።»

ሰልማ ትችላለች ማለቷ ነው፣ በአረብኛ!

ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። አላህንም ተጣላሁት፤ አዎ ተጣላሁት። «ነግሬህ ነበር እኮ!» አልኩት። የገረመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ልንለያይ ስንል ራህማ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ እጠላታለሁ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። እኔም ከልቤ አለቀስኩ። ቅናቱ አልለቀቀኝም፤ እዚያው ነበር። ግን ተነግሮ ያለቀ ነገር ነው፤ በእሷ ላይ የምወረውረው አልተረፈኝም። ከሰው አገር ይዤ የተመለስኩት ይህን ነው። ሌላው ሰው ሽቶና ቶብ ይዞ ይመጣል።

አሶሳ ተመልሼ ተማርኩ፣ አስተማሪ ሆንኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ራህማም ወድ መደኒ ተምራ መድኃኒት ቤት ከፈተች። ስትደውል እቀናለሁ፤ ቤት ሠራሁ ስትለኝ እቀናለሁ፤ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ቀንቼ ምሳዬን አልበላሁም። በየጊዜው ምንጣፌ ላይ ቁጭ ብዬ ለማን እንደምናገር አውቃለሁ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መድኃኒት ቤቱ ተዘረፈ፣ ባሏ ሞተ፣ ስልኳ ጠፋ። የምቀናበት አጣሁ። ያን ጊዜ ነው ቅናቴ የናፈቀኝ፤ እባክህ የምቀናባትን እህቴን መልስልኝ ብዬ እለምን ነበር።

እንግዲህ መለሰልኝ፤ ያውም አልሃዲ ቤት! በማግስቱ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ፣ ምንጣፌ ላይ ሁሉንም ነግሬ፣ በጭቃው ቁልቁለቱን ወረድኩ። ራህማ አጥሩ ስር ተቀምጣለች። ከስታለች፣ ፀጉሯ ሸብቷል። ተቃቅፈን ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ከዚያ ዕንባዬን ጠርጌ እጇን ያዝኩ። «ተነሺ። እኔ ቤት ነው የምትሆኚው። በሬን አልፈሽ የት ትሄጃለሽ?»

የአልሃዲ ሚስት አስያ ከማድቤት ማማሰያዋን ይዛ ወጣች። «ምን ሲደረግ! አልሃዲ ኩርሙክ ድረስ ሄዶ ነው ያመጣት። እንግዳችን ናት፣ የትም አትሄድም።»

«እናንተ ትናንት አብልታችኋታል! እኔስ?» ስል ድምፄ ተሰበረ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በወንድሜ ሚስት ፊት፣ ለእንግዳ አለቀስኩ። እጇን ግን አልለቀቅሁም።

ራህማ ትክ ብላ ካየችኝ በኋላ ያንን የልጅነት ሳቋን ሳቀች።

«ያቺን አሮጊት መሰልሽኝ» አለች።

«የትኛዋን?»

«አውቶቡሱ የቆመ ዕለት እጅሽን ይዛ ያለቀሰችውን። እኔ እኮ ከዘሃራ በር ላይ ሆኜ አይ ነበር። እኔ ከመንጋው ጋር ገብቼ፣ ከመንጋው ጋር በላሁ፤ ስሜን እንኳን የጠየቀኝ የለም። አንቺን ግን ተጣልተው፣ አልቅሰው ወሰዱሽ። አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ እስከ ወድ መደኒ ድረስ ስለ ሐጃ በቱል አወራሽልኝ። አክስቴ ስትመርጠኝ እንኳን ያቺ ሴትዮ እኔን ብትይዘኝ እያልኩ ነበር። ስንት ዓመት እንደቀናሁብሽ አታውቂም።»

በእኔ! ራህማ በእኔ! አስያ ማማሰያዋን ዝቅ አደረገች።

«ለማን ነገርሽ?» አልኳት።

«ለማንም» አለች። «እንዲህ ያለ ነገር ለማን ይነገራል?»

እኔ ያን ሁሉ ዓመት ሸክሜን ማራገፊያ ነበረኝ፤ እሷ፣ ሁሉ የተሰጣት እሷ፣ ይህችን አንዲት ትንሽ ነገር እንኳን የምትነግረው አልነበራትም። በሐጃ በቱል ቤት የተሰጠኝ ገንፎው ብቻ መስሎኝ ለእሷም የገንፎውን ወሬ ብቻ ነበር ያካፈልኳት። ያን ዕለት፣ አስያ ማድቤት ስትመለስ፣ የቀረውን ነገርኳት።

አሁን እኔ ቤት ናት። ከአስያ ጋር ተስማምተን ነው፤ ሳምንት እዚያ፣ ሳምንት እዚህ፤ የእኔ ሳምንት ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ይህን የምጽፈው ሳሎን ተቀምጬ ነው። እሷ ጎን ባለው ክፍል የዐስርን ሰላት ሰግዳ ጨርሳለች፣ ግን አልተነሳችም። አላህን እንደ ጎረቤት እያናገረችው ነው። ስለ ባሏ ሰማሁ፣ ስለ መድኃኒት ቤቷ ሰማሁ። ከዚያ ስሜን ጠራች። ተነሳሁና በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁላት።